ደምሴና የሌላ ሰው ድንጋይ

የደምሴን ሞት የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት፤ ፌስቡክ ላይ አይታ። "እትዬ ብዙነሽ፣ ያ ቁምጣ ለባሹ አሰልጣኛችሁ አረፈ ይላል" አለችኝ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ። ሰው ሞቶ እንኳ በቁምጣው መጠራቱ አናደደኝ። ልቆጣት አፌን ከፈትኩና እኔም ስንት ዘመን እንዲሁ ስጠራው እንደኖርኩ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

ለለቅሶ ደብረ ሲና ወጣሁ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ከተቀመጠ በኋላ የቀድሞው ዲናችን ተነሳ። ነጠላውን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። "ኮሌጃችን ለስፖርት የነበረውን ፍቅር ያሳየው በደምሴ በኩል ነው" ብሎ ጀመረ። "ደምሴን እንደ ዓይናችን ብሌን ነበር የምንጠብቀው፤ እኔ በግሌ" ሲል ብድግ ብዬ ወጣሁ። የሰው እግር እየረገጥኩ ነው የወጣሁት። ከኋላዬ አንዷ "ቆላ የለመደች ናት፣ ብርዱ ነው" ስትል ሰምቻታለሁ። ብርዱ አልነበረም።

ለምን እንደወጣሁ እስከ ዛሬ የሚጠይቁኝ አሉ። በአፌ መመለስ አልፈልግም። ከጀመርኩ ስለ ዲኑ ብቻ ተናግሬ አልቆምም፤ ስለ ራሴም ይመጣል። በጽሑፍ ሲሆን የምናገረውንና የምተወውን እኔ እመርጣለሁ።

ደምሴ ሸዋ ሮቢት የመጣው የሰውነት ማጎልመሻ ሊያስተምር ነው። ኮሌጁ ትንሽ የመምህራን ማሰልጠኛ ነበር። እኔ ሬጅስትራር ቢሮ ከሠራሁ ብዙ ዘመኔ ስለነበር የመጣውንም የሄደውንም መምህር ከመስኮቴ አይቻለሁ። የደጋ ሰው ቆላ ሲመደብ መጀመሪያ ያማርራል፤ ቀጥሎ ወባ ይይዘዋል፤ ከዚያ ዝውውር ይጠይቃል። ደምሴን ወባው ብቻ ያዘው። ሲሻለው ቁምጣውን ለብሶ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በአስፋልቱ ወረደ።

ሸዋ ሮቢት ሞቃት ነው። ቢሆንም መምህር የሆነ፣ ባለትዳር፣ ጸጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው ጉልበቱን ለሰው አያሳይም። የባጃጅ ሹፌሮቹ ያሾፉበታል።

"ጋሼ፣ ሱሪው ታጥቦ ነው?"

"እግሬን አየር ላሳየው ብዬ ነው" ይላቸዋል። "ደብረ ሲና ዕድሜውን ሙሉ ታፍኖ ነው የኖረው።"

ፊሽካውን ቀብር ላይ እንኳ አያወልቅም። አንድ ጊዜ ከቀብር ስንመለስ "ለምን ይሆን ይሄን ነገር አስከሬን ፊት የምታንጠለጥለው?" ብዬ ተቆጣሁት። "እትዬ፣ ምን ይታወቃል፣ ሟቹ ባለቀ ሰዓት ቢነሳ ጭማሪ ደቂቃ እንድሰጠው ነው" አለኝ። አልሳቅኩም። ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘግቼ ግን ስቄያለሁ።

የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አቋቋመ። ልጆቹ አብዛኞቹ የይፋት ቆላ ገበሬ ልጆች ናቸው። ኳስ ከትምህርት ቤት ግቢ ውጭ ነክተው አያውቁም። ጎህ ሲቀድ፣ ሙቀቱ ሳይነሳ፣ ከመስኖው ቦይ በባልዲ ውሃ እያመላለሰ ሜዳውን ያረጥባል፤ አቧራው እንዲተኛ። ከዚያ ጩኸቱ ይጀምራል። ኳስ በሁለት ልጆች መሀል በወደቀች ቁጥር አንዷ "የሷ ነበር" ትላለች፤ ሌላዋም "የሷ ነበር" ትላለች። ፊሽካውን ይነፋና እንዲህ ይላቸዋል።

"እናንተ ስትካሰሱ ኳሷ መሬት ላይ ናት። የማን ናት አትበሉ! መጀመሪያ አንሷት፣ ከዚያ ተጣሉ።"

ይህን አባባሉን በየቀኑ በመስኮቴ እሰማው ነበር፤ አልወደውም ነበር። እኔ የማን እንደሆነ መጠየቅ እወዳለሁ። የማን ጥፋት እንደሆነ ሳይታወቅ የሚታለፍ ነገር አይዋጥልኝም።

ልጆቹ ሲዘሉ ሂጃባቸው ይንሸራተትባቸዋል። አንዷ በአንድ እጇ ሂጃቧን ይዛ በሌላው ኳስ ልትመታ ስትሞክር አይቶ ማልያ ሊያሰፋላቸው ተነሳ። እጀ ረጅም ሸሚዝ፣ ሂጃቡ ከአንገትጌው ጋር የተሰፋ። ገበያ ውስጥ ያለው ልብስ ሰፊ የመጀመሪያውን ሰፍቶ ሲሰጠው "ተዘልሎ ካልታየ በምን ይታወቃል?" አለና ራሱ ለበሰው። በገበያ ቀን ነው። ሂጃቡን እስከ አገጩ አጥብቆ፣ ከታች ቁምጣውን እንደለበሰ፣ በልብስ መስፊያው ፊት ይዘል ጀመር።

"ወረደ? ከግንባሬ ወረደ?"

"አልወረደም ጋሼ! ጎንበስ ብለው ደግሞ ይሞክሩት!"

ግመል የሚነዱ ሰዎች ግመላቸውን አቁመው ያዩታል። ሽንኩርት ሻጮቹ በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኔ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። ሻጯ "ይሄ ሰውዬ የእናንተ ግቢ አይደለም እንዴ?" ስትለኝ "አላውቀውም" ብያት ሳልገዛ ሄድኩ።

በቡድኑ ውስጥ ዘሃራ የምትባል ልጅ ነበረች። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ስትመታ ኳሷ መሬት ስትነካ ድምፁ ቢሮዬ ድረስ የሚሰማ። አባቷ ሼህ ሰይድ ከወንዙ ማዶ ማሾና ማሽላ የሚያርሱ፣ በአካባቢያቸው ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። ልጃቸው ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ብትጫወት አልከፋቸውም፤ ለጨዋታ ደብረ ብርሃን ድረስ ከወንድ አሰልጣኝ ጋር ሄዳ ማደሯን ግን እንቢ አሉ። ሌሎቹም አባቶች እሳቸውን እያዩ እንቢ አሉ። በዕድሜ የበሰለች፣ ስሟ የማይነሳ ሴት ካልሄደች ቡድኑ ከሸዋ ሮቢት አይወጣም።

ደምሴ ቢሮዬ መጣ። አልተቀመጠም።

"እትዬ፣ ፊትዎን ያውሱኝ" አለኝ።

"ምኔን?"

"እርስዎ ባሉበት ወንድ ደፍሮ አይጠጋም። ከመረቡ የበለጠ ኳስ የሚመልስ ፊት አለዎት።"

"ስድብ ነው ሙገሳ?"

"የስፖርት ቃል ነው" አለ።

ማባረር ነበረብኝ። ግን ለሥራዬ ካልሆነ በቀር የፈለገኝ ሰው ከመጣ ቆይቶ ነበር። ይሁንና እኔ ቃሌን ዝም ብዬ የማወጣ ሰው አይደለሁም። መጀመሪያ ዲኑ ዘንድ ገባሁ። "ለወላጆች ቃል ልሰጥ ነው። ይሄ ክፍል ይቀጥላል? ልጆቹ ይመረቃሉ?" ብዬ ጠየቅኩት። ዓይኑን ከስልኩ ላይ አላነሳም። "እትዬ ብዙነሽ፣ ስፖርትን ማን ይዘጋል? ይስጡ ቃልዎን" አለኝ። ያለኝ ይህን ነው። አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩም።

ከደምሴ ጋር ወንዙን ተሻግረን ሼህ ሰይድ ቤት ሄድን። ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሼህ ሰይድ ደምሴን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ገበያ ላይ ሂጃብ ለብሶ የዘለለው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ወረደ?"

"አልወረደም።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሼህ ሰይድ አልሳቁም፤ ጢማቸው ግን ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ተነስቼ "ዘሃራ ከእኔ ጋር ሄዳ ከእኔ ጋር ትመለሳለች። የጀመረችውን ትምህርትም ትጨርሳለች። ቃሌ ነው" አልኩ። እጃቸውን ዘርግተው ዱኣ አደረጉ። ስንመለስ ደምሴ "ያመኑት እርስዎን ነው" አለኝ። አውቅ ነበር። ሌላ ሀብት የለኝም፤ የምናገረው ነገር መሬት እንደማይወድቅ ሰው ያውቅ ነበር። በዚያ ነው የኖርኩት።

ቢሮ ውስጥ ሴቶቹ "የኳስ እናት" ብለው ስም አወጡልኝ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። ደብረ ብርሃን የመጀመሪያውን ጨዋታ ስንሄድ ልጆቹ ያላቸውን ልብስ ሁሉ ደርበው ለብሰው፣ ጣታቸው ደንዝዞ ኳሷን መያዝ አቅቷቸው ተሸነፉ። ደምሴ ሰብስቦ "ያሸነፋችሁ ብርዱ ነው። እነሱም ሙቀታችንን ይምጡና ይቅመሱት" አላቸው። ለመልሱ ጨዋታ ደጋዎቹ ወረዱ። ዘሃራ ስትመታ የሚመልስ ጠፋ፤ ግማሾቹ ማንጎ ጥላ ሥር እርጥብ ፎጣ አናታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። እኔ ተነስቼ ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። ደምሴ ዞር ብሎ አየኝና ፊሽካውን ነፋ፤ "ተመልካች ይቀመጥ!" አለ። በዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። ዲኑ ከፊት ተቀምጦ "ተማሪ ያነሰባቸው ክፍሎች ይታጠፋሉ፤ ትኩረታችን ዋና ዋና ትምህርቶች ላይ ይሆናል" ብሎ አነበበ። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍልና ቡድኖቹ ተዘጉ። ደምሴ እጁን አወጣ። ስለ ራሱ ይጠይቃል ብዬ ነበር።

"ልጆቹስ?" አለ።

"ቤታቸው ሆነው ይጠብቁ። ስንጠራቸው ይመጣሉ።"

"ሴቶቹን ቤታቸው ከላክናቸው ስንጠራቸው አናገኛቸውም።"

"እሱ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።"

ተነሳሁ። "ስፖርትን ማን ይዘጋል፣ ይስጡ ቃልዎን ያሉኝ እርስዎ ነዎት" አልኩት፤ ሰው በሞላበት። ፈገግ ብሎ "እትዬ፣ ያኔ ያኔ ነበር" አለኝ። አዳራሹ ሳቀ። "የኳስ እናት" ያሉኝ ሴቶችም ሳቁ። ተቀመጥኩ። የበኩሌን ተናግሬያለሁ፣ ከእንግዲህ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሁሉም ሰምቷል አልኩ በልቤ። ሳምንት ሳይሞላ መረቡን ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ላይ ታስሮ አየሁት።

ቆይቶ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ወደ ሌላ ክፍል መዛወር የፈለገ ተማሪ በሳምንት ውስጥ ይቅረብ ይላል። የተለጠፈው ግቢው ውስጥ ነው። ልጆቹ ያሉት በየመንደራቸው። ደምሴ ክፍሉ ተዘግቶበት፣ ራሱ የሚመደብበትን እየጠበቀ፣ ስልክ ይዞ ለእያንዳንዳቸው ደወለ። ሁሉም መጡ፤ ዘሃራ ቀረች። ስልኳ ዝግ ነው። ከመንደሯ የመጣ ሰው የሰርጓ ቀን መቆረጡን ነገረን።

በማግስቱ ጠዋት ደምሴ ቤቴ ደጃፍ ቆሞ አገኘሁት። ረጅም ሱሪ ለብሷል።

"ሱሪ ምን ነካህ?"

"ዛሬ ጨዋታ አይደለም" አለኝ። "እትዬ፣ ይነሱ፣ ሼህ ሰይድ ዘንድ እንሂድ።"

"ምን ብለን? ዋሽተናችሁ ነበር እንበል? ሄዶ የሚያስረዳው የዘጋው ሰው ነው።"

"ይመጣል ብለው ነው?"

ሄድኩ። በባጃጅ እስከ ወንዙ፣ ከዚያ በእግር። ማሾው ደርሶ ስለነበር ሴቶች ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ፤ ቀና ብለው ያዩናል። ቤቱ ሲቃረብ ደምሴ ከመንገዱ ወጣ አለና ድንጋይ ይመርጥ ጀመር። አንዱን አንስቶ ጣለው። ሌላውን፣ ትልቁን፣ አነሳና በአንገቱና በትከሻው መሀል አስቀመጠው።

እዚህ አገር ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ጥፋቱን አምኖ የመጣ ነው። የተበደለው ሰው "አውርድ" እስኪለው ድረስ አያወርደውም።

"አብደሃል? አንተ ምን አጠፋህ?" አልኩት።

"ምንም።"

"ታዲያ የማንን ጥፋት ነው የምትሸከመው?"

"የማን ነው ስንባባል ልጅቷ ልትዳር ነው እኮ፣ እትዬ።"

"እኔ አልሸከምም። እኔ ምንም አላጠፋሁም።"

"እርስዎ አይሸከሙ። ከጎኔ ብቻ ይሂዱልኝ።"

ከጎኑ አልሄድኩም። ፈጠን ብዬ ከፊት ቀደምኩ፤ የሚያየን ሰው አብሬው የመጣሁ እንዳይመስለው።

ያላሰበው ነገር ነበር። በደጋ፣ በእሱ አገር፣ ሰው ለመሬት ድንበርም፣ ለተደበደበ ከብትም፣ ለስድብም ድንጋይ ይሸከማል። ደምሴ ያሰበው ይህን ነው። እዚህ ግን የሰርጓ ቀን የተቆረጠ ልጃገረድ ያለችበት ቤት፣ ደብረ ብርሃን ድረስ ይዟት ሄዶ የነበረ ወንድ ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ፣ የሚታሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው። የዘሃራ እናት በሩቅ አይታው ጀሪካኑን ከእጇ ለቀቀችው። ውሃው እየፈሰሰ "ልጄን! ልጄን ምን አደረጋት!" ብላ ደረቷን መታች። ማሾ ለቃሚዎቹ እየሮጡ መጡ። የሼህ ሰይድ ወንድም ዱላ ይዞ ከበረቱ ወጣ።

ደምሴ በጉልበቱ ተንበርክኮ ነበር። ሁለት እጁ ድንጋዩን ይዟል፤ ዱላ ቢመጣ የሚከላከልበት የለውም። ሊናገር ሞከረ፤ አንገቱ ታጥፎ ድምፁ አልወጣም። ያኔ ነው ምን እንዳደረገ የገባው። ፊቱ አመድ ሆነ። ሰርጉ ይቅር ብለን የመጣነው ሰዎች የልጅቷን ስም ልንገድለው ነበር። ሰርጉም ቢፈርስ፣ ትምህርቱም ቢቀጥል፣ ያ ድንጋይ ከዚያ ቀን በኋላ ከእሷ ጋር ነበር የሚኖረው።

መሀላቸው ገባሁ። "ዱላህን አውርድ!" አልኩ። "ልጅቷ ከእኔ ጋር ሄዳ ከእኔ ጋር ነው የተመለሰችው። አንድ ክፍል አብሬያት ያደርኩት እኔ ነኝ። የነካት ሰው የለም!"

"አንቺስ ታዲያ ምን አጥፍተሽ ነው የመጣሽው?" አለኝ ሰውየው።

"እኔ ምንም አላጠፋሁም!"

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። እውነት ነው፤ ዛሬም ቢጠይቁኝ እውነት ነው። ግን አንድ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በተንበረከከበት ግቢ ውስጥ፣ አጠገቡ ቆሜ፣ ያን ያህል ጮክ ብዬ።

ሼህ ሰይድ ከስግደት ወጡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀ። ደምሴ ፊት ቆሙ።

"ልጄን ነክተሃል?"

"ወላሂ አልነካሁም።"

"አንተ ክርስቲያን አይደለህም እንዴ?"

"እንዲያምኑኝ ብዬ ነው" አለ ደምሴ ከድንጋዩ ሥር።

ከሴቶቹ አንዷ ሳቀች፤ ቶሎ አፏን ያዘች። ሼህ ሰይድ ዱላ የያዘውን ወንድማቸውን በእጃቸው ወደ ኋላ መለሱት።

"ታዲያ ይሄ ድንጋይ የምንድነው?"

"ትምህርቱን ትጨርሳለች ብለናችሁ ነበር። ኮሌጁ አጠፈው። ቃል ያጠፈው ሰው አይመጣም፤ እኔ መጣሁ።"

"በሰው ጥፋት ትሸከማለህ?"

"ኳሱ በመሀላችን ወደቀ" አለ። ሌላ ቃል ያገኘ አልመሰለኝም።

ሼህ ሰይድ ኳስ የሚያውቁ ሰው አይደሉም። ግን ጎንበስ ብለው ፊቱን አዩት። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ከዚያ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረው፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ይህ ሰው የመጣው ስለ ትምህርት ነው። ልጄ ንጹሕ ናት። ሌላ ነገር የሚያወራ ሰው ከእኔ ጋር ነው የሚያወራው" አሉ። ለደምሴም "አፉ ብያለሁ። አውርድ" አሉት። ዱላ ይዞ የነበረው ወንድማቸው ራሱ ድንጋዩን አነሳለት። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተቀዶ፣ ቆዳው ተልጦ ነበር።

ገብተን ተቀመጥን። ሼህ ሰይድ "የሰርጉን ቀን የቆረጥኩት ትምህርቱ ተዘጋ ስትሉ ነው። ሴት ልጅ ቤት ተቀምጣ ማንን ትጠብቅ?" አሉ። ደምሴ ሒሳብ ክፍል ቦታ እንዳለ፣ ሳምንቱ ሳያልቅ መቅረብ እንዳለባት ነገራቸው። ወንድማቸው "ለሙሽራው ወገን ምን ልንል ነው?" እያለ አጉረመረመ። ሼህ ሰይድ ልጃቸውን አስጠሩ።

"አንቺስ?"

ዘሃራ መሬት መሬቱን እያየች "ሒሳብ አልወድም፣ አባ" አለች። "ግን እማረዋለሁ።"

"እንዲያ ከሆነ ለሙሽራው ወገን የምለውን እኔ አውቃለሁ" አሉ ሼህ ሰይድ። "ማን ዘንድ ታድራለች? አብረዋት ያድሩ የነበሩት ልጆች በየፊናቸው ሌላ ቤት ይዘዋል።"

ቤቴ ሁለት ክፍል ነው። አንዱ ባዶ ነው፤ ለምን ባዶ እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ወዲያው "እኔ ዘንድ ትደር። ቃሌን እሰጣለሁ" አልኩ። ይህን ስል ደስ ብሎኝ ነበር።

ሼህ ሰይድ ውሃ በኩባያ አቀረቡልኝ፤ በራሳቸው እጅ። ከዚያ በጣም በአክብሮት እንዲህ አሉኝ።

"እትዬ፣ አንቱ ምንም አላጠፉም። ሲሉም ሰምቻለሁ። ያለፈው ቃልዎ ግን እኛ ቤት ተሰብሯል፤ ሁለተኛ ላስቸግርዎ አልፈልግም። እሱ ዘንድ ትደር፣ ከባለቤቱ ጋር።"

ደምሴ "እትዬ እኮ ከእኔ ይልቅ" ብሎ ጀመረ። ሼህ ሰይድ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት።

ዲኑ ቃሌን በላ፤ ሴቶቹ ሳቁብኝ፤ ይህን ሁሉ ልናገር እችላለሁ፤ ተናግሬያለሁም። የምደብቀው ሌላ ነው። የመጣነው ዘሃራ እንድትመለስ ነው፤ ልትመለስ ነው። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ልጅቷ አልታየችኝም። የታየኝ ያ በገበያ መሀል የዘለለው ሰው ታምኖ እኔ መቅረቴ ነው። ኩባያውን ይዤ፣ ተምራ ባትመረቅ ደግሞ ማንን እንደሚጠይቁ አያለሁ ብዬ አሰብኩ። ለአንድ አፍታ ነው። ግን አሰብኩት። ዘሃራ ዛሬ ሒሳብ ታስተምራለች፤ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጎንበስ ብላ ትሳለመኛለች። እኔ ፊቷን አላይም።

ልንነሳ ስንል ዘሃራ የቆርቆሮ ሳጥኗን ይዛ ከጓዳ ወጣች። ደምሴ ሊቀበላት ክንዱን ሊያነሳ ሞክሮ አቃተው።

"አምጪ፣ እኔ ልያዝልሽ" አልኳት።

ሳጥኑን ወደ እኔ ዘረጋችና ሳትለቀው ቆመች። ዞር ብላ አባቷን አየች።

ሼህ ሰይድ የተዘረጉ እጆቼን አዩ። ከዚያ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

ሰጠችኝ። ከባድ ነበር፤ ጠርዙ ጣቴን ይቆርጠኛል። ባጃጁ እስከሚቆምበት ድረስ ደምሴ በዚያ በተላጠ ትከሻው "እትዬ፣ በየተራ እንያዘው እንጂ" እያለ ለመነኝ። አልሰጠሁትም።